በኖርዌይ ያለው ግብር እና የኑሮ ውድነት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ልጃቸው፣ እህታቸው ወይም ወንድማቸው ኖርዌይ ለሚኖር የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰቦች ነው። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ፣ ሐረጎን ወርዶም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ በለቅሶ ቤትም ሆነ በሰርግ ድንኳን ጨዋታው ወደ ውጭ አገር ሲዞር ሁለት አቤቱታዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። ላኪው «ግብሩ አላላውስ አለኝ» ይላል፤ ተቀባዩ ደግሞ «በወር ይህን ያህል ሺህ እያገኘ እንዴት ይቸግረዋል?» ይላል። ሁለቱም ከሐሰት አይናገሩም፤ ነገር ግን ላኪው ጥፋቱን ሁሉ በግብሩ ላይ ሲደፋ፣ ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ኪሱን ይበልጥ የሚያራቁተው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሰፈሩት የኖርዌይ የግብር መጠኖች እ.ኤ.አ. በ2025 ይሠራባቸው የነበሩት ናቸው፤ በየዓመቱ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላሉ።

እውነት ግብሩ የደመወዙን ግማሽ ይወስዳል?

ከተራ ደመወዝተኛ ግማሹን አይወስድም። በጽዳት፣ በምግብ ቤት ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ተሰማርቶ በዓመት 450,000 ክሮነር፣ ማለትም በወር 37,500 ክሮነር የሚያገኝ ሰው የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የሚከፍለው ወደ 97,000 ክሮነር የሚጠጋ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላ ገቢው 22 በመቶ አይሞላም። ገንዘቡ የሚቆረጠው በሦስት መልክ ነው። የመጀመሪያው፣ ሕጉ የሚፈቅዳቸው ተቀናሾች ከተነሡ በኋላ በሚቀረው ገቢ ላይ የሚጣለው 22 በመቶ ነው። ሁለተኛው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ የሚሰላው 7.7 በመቶ የማኅበራዊ መድን መዋጮ ነው። ሦስተኛው ገቢ ባደገ ቁጥር በደረጃ እየከበደ የሚሄድ ተጨማሪ ግብር ሲሆን፣ ይህ ሠራተኛ ለዚህኛው የሚከፍለው በዓመት ከ8,000 ክሮነር በታች ነው። ከባዱ የደረጃ ግብር የሚያርፈው በሐኪሞች፣ በነዳጅ መሐንዲሶችና በመሳሰሉት ከፍተኛ ተከፋዮች ላይ ነው።

«ግማሹን ወሰዱብኝ» የሚለው ወሬ ግን መነሻ አለው። አዲስ የገባ ሠራተኛ የግብር ካርድ ሳያወጣ ሥራ ከጀመረ አሠሪው ከደመወዙ 50 በመቶ ቆርጦ እንዲያስቀር ሕጉ ያስገድደዋል። በትርፍ የተቆረጠው ገንዘብ ካርዱ ወጥቶ ሒሳቡ ሲታረም ወይም በሚቀጥለው ዓመት ተመላሽ ይሆናል። ችግሩ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ለሁለት መገመሱ ወዲያው ደሴ ይሰማል፤ የተመላሹ ነገር ግን ማንም ስልክ ደውሎ የሚናገረው ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በአገራችን ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ያለው ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጣል። ደሴ ውስጥ በወር 20,000 ብር የሚከፈለው የባንክ ሠራተኛ 4,950 ብር የሥራ ግብር፣ 1,400 ብር ደግሞ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። ሁለቱ ሲደመሩ ከደመወዙ 32 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። የኖርዌዩ 22 በመቶ የማኅበራዊ መድኑን መዋጮ ጨምሮ መሆኑን ያስታውሱ። ስለዚህ «ፈረንጅ አገር ግብሩ ገደለን» የሚለው ዘመድ፣ በመቶኛ ሲታይ፣ እዚህ ከቀረው ወንድሙ ያነሰ የሚቆረጥበት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል?

በአብዛኛው ቤት ኪራይ ይበላዋል። ከላይ የጠቀስነውን ሠራተኛ ብቻውን ኦስሎ የሚኖር አድርገን የአንድ ወር ሒሳቡን እንመልከት፤ የወጪዎቹ ቁጥሮች ለስሌት የተቀመጡ ግምቶች ናቸው። ከ37,500 ክሮነር ላይ በየወሩ የሚቆረጠው 9,200 ገደማ ስለሆነ በእጁ የሚገባው 28,300 ነው። አንድ መኝታ ቤት ላለው አነስተኛ መኖሪያ 14,000 ከፈለ እንበል። ለምግብ፣ ምሳውን ከቤት እየቋጠረ ጭምር፣ 4,500 ያወጣል፤ ለመብራትና ለማሞቂያ 1,000፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 900፣ ለከተማ ባቡርና አውቶቡስ የወር ትኬት 900፣ ለልብስ፣ ለመድኃኒትና ለመድን ደግሞ 1,500 ይመደብ። ሁሉም ሲደመር 22,800 ነው። የሚተርፈው 5,500 ክሮነር ብቻ ሲሆን፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም፣ ዕዳ የሚከፈልበትም፣ ወደ ቤተሰብ የሚላከውም ከዚሁ ነው።

በዚህ ሒሳብ ግብሩ 9,200፣ ኪራዩ 14,000 ነው። ከአገር ልጆች ጋር ቤት ተጋርቶ የሚኖር ሰው ብዙ መላክ የሚችለውም ስለዚህ ነው፤ ግብሩ አልቀነሰለትም፣ ኪራዩ ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎለታል። አግብቶ ለብቻው የወጣ ልጅ በድንገት «እጁ አጠረ» ከተባለም፣ ሚስቱን ከመጠርጠር በፊት የቤቱን ኪራይ መጠየቅ ይቀድማል።

ቤት ለመከራየት ሲገባ ደግሞ የማስያዣ ገንዘብ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ወር ኪራይ ሲሆን፣ ሕጉ እስከ ስድስት ወር ድረስ ይፈቅዳል። ገንዘቡ በተከራዩ ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል እንጂ አከራዩ ኪስ አይገባም፤ ቢሆንም ከላይ ባየነው ዋጋ 42,000 ክሮነር ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። ቤት በቀየረበት ዓመት አልልክም ያለ ሰው ሰበብ እየፈጠረ ላይሆን ይችላል።

ኑሮው እንዲህ የተወደደው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሱቅ ገንዘብ ተቀባዩና የአውቶቡስ ሹፌሩ ሁሉ ቤት ተከራይተው ሊያድሩበት የሚችሉት ደመወዝ ስለሚከፈላቸው፣ የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ሁሉ ይወደዳል። አሠሪውም በብዙው የአገሪቱ ክፍል ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ 14.1 በመቶ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ይህ በሠራተኛው የደመወዝ ወረቀት ላይ እንደ ተቀናሽ ባይታይም በሸቀጡ ዋጋ ውስጥ ይገባል። በአንድ በኩል የዘመዳችንን ደመወዝ ከፍ ያደረገው ነገር በሌላ በኩል የፀጉር መቆረጫውንም ዋጋ ሰቅሎታል።

ሁለተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። መደበኛው መጠን 25 በመቶ ሲሆን፣ በምግብ ላይ 15 በመቶ ነው፤ የእኛ ቫትም 15 በመቶ ነው፣ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ብዙዎቹ መሠረታዊ የእህል ዓይነቶች ነፃ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው የእርሻው ነገር ነው፤ ከአገሪቱ መሬት የሚታረሰው 3 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ መንግሥት ገበሬውን ከርካሽ የውጭ ምርት ለመጠበቅ በሚገባው ሥጋ፣ አይብና ቅቤ ላይ ከባድ ቀረጥ ይጥላል።

እንጀራ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የጤፍ እህል ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለታገደ፣ በኦስሎ የአበሻ ሱቅ የሚገኘው ወይ በአውሮፕላን የተጫነ እንጀራ ነው ወይ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ እዚያው የተጋገረ ነው። በየቀኑ እንጀራ መብላት፣ ደሴ እንደሚታሰበው የድሃ ቁርስ ሳይሆን፣ እዚያ ቅንጦት ነው።

በነዳጅ የበለጸገች አገር ግብር ማስከፈል ለምን አስፈለጋት?

ኖርዌይ የነዳጁን ገንዘብ ለዕለት ወጪ እንዳታውለው በሕግ ስላሰረችው ነው። ኤኮፊስክ የተባለው ትልቁ የባሕር ውስጥ የነዳጅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተገኘ በኋላ፣ ገቢውን የሚያጠራቅም የመንግሥት ፈንድ በ1990 በሕግ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ ገቢ የሆነበትም በ1996 ነው። ዛሬ በዓለም ከሚገኙት የመንግሥት ፈንዶች ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት ግንባር ቀደሙ ነው። መንግሥት ከዚህ ፈንድ በዓመት በአማካይ 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንዲያወጣ የሚመራበት ደንብ ስላለ፣ የትምህርት ቤቱና የሆስፒታሉ ወጪ ከፍተኛ ክፍል ዛሬም ከግብር ይሸፈናል። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከትርፋቸው 78 በመቶ ይከፍላሉ፤ ከዚህ አንጻር የጽዳት ሠራተኛዋ 22 በመቶ ብዙ የሚያስለቅስ አይደለም።

ዘመዳችን ለከፈለው ግብር ምን ያገኛል?

እዚህ ላይ ነው ከወሎ ቅሬ ጋር የሚመሳሰለው፦ በደህናው ጊዜ በየወሩ ይዋጣል፤ ችግር የደረሰበት ቀን ግን ምን ያህል እንዳዋጣ ማንም አይጠይቀውም። ለምሳሌ ከአራት ሳምንት በላይ የሠራ ሰው ቢታመም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ እስከተወሰነ የገቢ ጣሪያ፣ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል። የመጀመሪያዎቹን 16 ቀናት አሠሪው፣ የቀሩትን ደግሞ የማኅበራዊ መድኑ መሥሪያ ቤት ይሸፍናል። ከሥራ የተቀነሰ ሰው ቀድሞ ያገኝ ከነበረው 62 በመቶ ገደማ ለተወሰነ ጊዜ ያገኛል።

ለቤተሰብ ሐኪም በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ የተከፈለው ተደምሮ ከ3,000 ክሮነር ጥቂት ሲያልፍ የነፃ ካርድ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይከፈልም። ሆስፒታል ተኝቶ መታከም በነፃ ነው። የአዋቂ ሰው ጥርስ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ በመሆኑ ወጪው ከራሱ ኪስ ይወጣል፤ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ የጥርስ ክሊኒክ ቢያጠያይቅ አይገርምም።

የወለደች እናት ልጅ ከመውለዷ በፊት በቂ ጊዜ ሠርታ ከሆነ፣ ከባሏ ጋር የሚካፈሉት 49 ሳምንት የሙሉ ክፍያ ፈቃድ ያገኛሉ፤ ከዚህ ውስጥ ለአባት ብቻ የተለየ ድርሻ ስላለ ባልየው ካልወሰደው ይቃጠላል። ለልጁ 18 ዓመት እስኪሞላ ወደ 2,000 ክሮነር የሚጠጋ የወር ድጎማ ይሰጣል። የሕፃናት ማቆያ የወር ክፍያ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1,200 ክሮነር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ ነዋሪ የሆነ ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ክፍያ የለበትም። ከዚህ ሆኖ ለመማር ብቻ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ግን ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክፍያ ይጠየቃል፤ «ኖርዌይ ትምህርት በነፃ ነው» የሚለውን የድሮ ወሬ ይዘው ለደላላ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሐዋላ ተጠቅልሎ ደሴ ሊደርስ የሚችል አንድም የለም። ዘመዳችን በእርግጥ ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን ሊላክ በማይችል መልክ ነው። በቤተሰብና በላኪ መካከል የሚነሣው አለመግባባት ከሞላ ጎደል ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለናል።

ሳዑዲ ግብር የለም፤ ታዲያ ከኖርዌይ ይልቅ ሳዑዲ አያዋጣም?

የወሎ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሳዑዲ ልጅ ያልላከ መንደር ማግኘት ያስቸግራልና። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሠራተኛ ደመወዝ የገቢ ግብር አትቆርጥም፤ ተጨማሪ እሴት ታክሷ እንኳ 15 በመቶ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በተለይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ምግቧና ማደሪያዋ በአሠሪዋ ስለሚሸፈን፣ የኖርዌዩን ሠራተኛ የሚያራቁተው የቤት ኪራይ እሷን አይነካትም። ደመወዟ ከእሱ በብዙ እጥፍ ቢያንስም ያገኘችውን ከሞላ ጎደል ልትልከው ትችላለች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በተላከ ገንዘብ ብቻ ከተለካ ልትበልጠውም ትችላለች።

ሚዛኑ የሚለወጠው ጊዜው ሲረዝም ነው። የሳዑዲዋ ልጅ ብትታመም ወይም ደመወዝ ብትከለከል ዕጣዋ በአብዛኛው በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አሥር ዓመት ሠርታ ስትመለስም ጡረታ የላትም። ኖርዌይ የሚኖረው ግን ለጡረታ የሚቆጠሩ ዓመታት እያጠራቀመ ነው። ሙሉውን ዝቅተኛ ጡረታ ለማግኘት 40 ዓመት መኖርን ይጠይቃል፤ 20 ዓመት የኖረ ግማሹን ያህል ያገኛል።

በፈረንጆቹ ጁን ወር ከወትሮው የበለጠ የሚልከው ለምንድን ነው?

የዕረፍት ክፍያ የሚወጣበት ወር ስለሆነ ነው። ሠራተኛው ባለፈው ዓመት ካገኘው ደመወዝ 10.2 በመቶ፣ የኅብረት ስምምነት ባለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ 12 በመቶ ተቀምጦለት አብዛኛውን ጊዜ በጁን ይከፈለዋል፤ ከዚህ ክፍያ ላይም በዚያን ወር ግብር አይቆረጥም። በዲሴምበርም የሚቆረጠው በግማሽ ነው። ይህ ስጦታ አይደለም፤ የዓመቱ ግብር ለአሥር ወር ተኩል ተከፋፍሎ በሌሎቹ ወራት በርከት ተደርጎ ስለተቆረጠ ነው። የጁኑን ገንዘብ አይተው «ለካ ይችል ነበር» ማለት ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የመጀመሪያ ዓመቱን የያዘ ሰው በአንጻሩ ባለፈው ዓመት እዚያ አገር ስላልሠራ የዕረፍት ክፍያ አልተጠራቀመለትም። ሌሎቹ ሲያርፉ እሱም ካረፈ ያለ ደመወዝ ነው የሚያርፈው፤ በዚያ ክረምት ብዙ ባይጠይቁት መልካም ነው።

ለቤተሰብ የሚልከው ገንዘብ ከግብሩ ይቀነስለታል?

አይቀነስለትም። ለወላጅ ወይም ለእህት ወንድም የሚላክ ገንዘብ ግብር ከተከፈለበት የተጣራ ገቢ ላይ የሚወጣ ነው።

ደመወዙን እየደበቀን ቢሆንስ?

ኖርዌይ ደመወዝን መደበቅ ከባድ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ የእያንዳንዱን ሰው ግብር የተጣለበት የተጣራ ገቢ፣ የተጣራ ሀብትና የተወሰነበትን ግብር በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፤ የኖርዌይ መታወቂያ ቁጥር ያለው ሰው በስሙ ገብቶ የጎረቤቱን መፈለግ ይችላል። ነገር ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማን እንደፈለገው ተፈላጊው ማየት ይችላል። በርገን ያለ የአክስት ልጅ አስልከው ኦስሎ ያለውን ቢያሰልሉ ወሬው በማግስቱ ደሴ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው፤ አንመክርም። ከዚህ ይልቅ የደመወዝ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ላኪዎች ይህን ቢጠየቁ እፎይ ይላሉ እንጂ አይቆጡም።

ብር ከረከሰ ወዲህ የሚደርሰን ብር በዝቷል፤ ታዲያ ለምን አሁንም ይማረራል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኖርዌይ ክሮነርም በብር ሲመነዘር አብሮ ከፍ አለ። ላኪው ግን የሚያስበው በክሮነር ነው፤ ከ5,500 ክሮነር ትርፉ ላይ 2,000 ቢልክ ዛሬም የሚጎድልበት ያው 2,000 ነው። በዚያ ላይ የእነሱም አገር የዋጋ ንረት አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ ሴፕቴምበር ዜሮ የነበረው የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ በ2023 መጨረሻ 4.5 በመቶ ደርሶ ነበር። የቤት ብድሩ በአብዛኛው በተለዋዋጭ ወለድ ስለሆነ፣ በብድር ቤት የገዛ ዘመድ ካለዎት የወር ክፍያው በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደናረ ይጠይቁት። ከከፈለው ወለድ የተወሰነው በግብሩ ላይ ይታሰብለታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክሰውም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በስሙ የሠራው ቤት እዚያ ግብር ያስከፍለዋል?

ኖርዌይ ነዋሪዋ የሆነ ሰው በዓለም ላይ ያለውን ሀብትና ገቢ ሁሉ እንዲያስታውቅ ታስገድዳለች፤ ገራዶ ያለው ቤትም ከዚህ አያመልጥም። የሀብት ግብር የሚጀምረው የአንድ ሰው የተጣራ ሀብት ከ1.76 ሚሊዮን ክሮነር ሲያልፍ ስለሆነ አንድ መደበኛ መኖሪያ ቤት ብቻውን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፤ መመዝገቡ ግን ግዴታ ነው። ባንኮች ወደ ውጭ የሚላከውን ገንዘብ ለመንግሥት መዝገብ ስለሚያሳውቁ፣ ለግንባታ በየወሩ የተላከው ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይታያል።

ቤቱ ከተከራየ ነገሩ ይጠብቃል። የኪራዩ ገቢ እዚህ የኪራይ ግብር ይከፈልበታል፤ እዚያም መታወቅ አለበት። እዚህ የተከፈለው እዚያ እንዲታሰብለት ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ በውክልና ቤቱን የምታስተዳድሩ ሰዎች ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የተቀበላችሁትን ደረሰኝ በሙሉ ጠብቁ። ግብር መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ የሞላውን ማስታወቂያ በማርች ይልክለታል፤ እሱ አርሞ የሚያጸድቅበት የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 30፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ነው። ደረሰኞቹን እስከ መጋቢት መጨረሻ ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩለት ይደርሳል።